ከሊማሊሞ በኩል የነበረው መስኮት

ባለፈው ሰሞን የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ወደ መናኸሪያው ስወርድ፣ አንድ የአሉሚኒየም ሱቅ በር ላይ እግሬ በራሱ ጊዜ ቆመ። አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ያረጀ የብረት መስኮት ጭኑ ላይ አጋድሞ የመስታወቱን ጠርዝ በስቱኮ ይደፍናል። ዛሬ ዛሬ መስታወት የሚያዘው በጎማ ስለሆነ የስቱኮ ሽታ ካሸተትኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የተልባ ዘይትና የኖራ ዱቄት አንድ ላይ የተለወሰ ይመስላል፤ ደስም አይልም፣ አይከፋምም። እኔን ግን ከመንገዴ አስቀረኝ። ሰውዬው ቀና ብሎ፣ «ምን ፈለጉ እማማ?» አለ። ሽታ ላሸት ነው የቆምኩት ብዬ ብነግረው ምን ይለኛል? «መስታወት ስንት ደረሰ?» አልኩት። ዋጋውን ሲነግረኝ መድኃኒቱን ሳልገዛ ግፊቴ ወጣ። አመስግኜው መንገዴን ቀጠልኩ፤ ልቤ ግን ወደ ፋርማሲው አልሄደም። ወደ ድሮው ቤታችን፣ ከሊማሊሞ በኩል ወደነበረው መስኮት ነው የሄደው።

መንግሥት ተለውጦ መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በልጅና በክረምት ነው። ደባርቅ ያኔ እንደ ዛሬው ሆቴል በሆቴል አልሆነችም። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ቆርቆሯቸው የዛገ ጭቃ ቤቶች ተደርድረው፣ በመካከላቸው በግና ሰው እኩል ይተላለፋል። መናኸሪያው ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲም እንደዚያው። የካሴት ማጫወቻዋ በጠዋት ብርድ ደንዝዞ ዘፋኙ ወንድ ይሁን ሴት እስከማይለይ ድረስ ይጎትተው ነበር፤ ድምፁ የሚስተካከለው ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው። ወንዱ በርኖሱን ደርቦ፣ ሴቱ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ስባ፣ የገበሬው ኮንጎ ጫማ በውርጩ ድንጋይ መስሎ ሲንቋቋ ከሩቅ ይሰማል። ከዛሪማ ሙቀት በአጭር እጅጌ ሸሚዝ ተሳፍሮ ሊማሊሞን የወጣ መንገደኛ ከመኪና ሲወርድ፣ ጥርሱ ሲንገጫገጭ እያየን እንስቅበት ነበር። ሳቃችን ከንቱ ነው፤ ቤታችን ስንገባ እኛም ያው ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ከሊማሊሞ ገደል ሥር የሚነሣው ነፋስም ሽቅብ መጥቶ የመጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን ቤት ነበር።

ባለቤቴ አስማረ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አናጢ ነበር። ሙያውን የተማረው ከአያ ፈንታ ነው። አያ ፈንታ በደባርቅና በዳባት መካከል ባለው አገር ሁሉ ሳንቃ በር የሠሩ፣ ሰው ቤት ሲገቡ ከባለቤቱ ቀድመው በሩን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ሰላም የሚሉ ሽማግሌ ነበሩ። አስማረ ለብቻው መሥራት ከጀመረ በኋላ ዓይኑ ወደ ብረት ሄደ። ጎንደር ወርዶ የተበየደ የመስኮት ፍሬም፣ የላሜራ በርና መስታወት እያስጫነ መግጠም ጀመረ። አያ ፈንታ ይህን ሲሰሙ፣ «ብረት ለማረሻ ነው፤ ለሰው ደጃፍ እንጨት ይበቃል» አሉ አሉ። አስማረ ደግሞ፣ «አያ ፈንታ ዘመኑ አምልጧቸዋል» ብሎ መለሰ አሉ። ሁለቱም ያሉትን ወሬ ወዳድ አደረሰላቸው። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲገናኙ ባርኔጣ አንሥተው ይተላለፋሉ እንጂ ቆመው አይጨዋወቱም።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ደርሶብን ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ወንድ ነበር። በሠላሳ ሦስተኛው ቀኑ፣ ለክርስትናው ሰባት ቀን ሲቀረው፣ ደረቱን ይዞት ሞተ። ጠዋት ጡት ጠብቶ ነበር፤ ለምሳ አልደረሰም። ቄስ ለመጥራት እንኳ ጊዜ አልሰጠንም። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ፍትሐት እንደሌለው ታውቃላችሁ። ዘመድ በጨርቅ ጠቅልሎት ወጣ፤ ደወል የለ፣ ዳዊት የለ፣ ልቅሶ የሚደርስ ሰውም እምብዛም የለ። «ገና ናችሁ፣ ይተካል» ይሉናል። እኔ ጓዳ ገብቼ ጡቴን በሻሽ አስሬ አለቀስኩ። አስማረ አንዲት እንባ አላወጣም። በሦስተኛው ቀን መዶሻውን ይዞ ሥራ ሄደ። ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ቂም ሆኖ ተቀመጠ፤ ዛሬ ስናገረው አፍራለሁ፣ ግን ሆነ።

ሁለተኛዋን ስፀንስ አስማረ ሌላ ሰው ሆነ። የመውለጃዬ ወር ሲቃረብ፣ «ቤታችንን ላድሰው ነው» ብሎ ጎንደር ወረደ። በሳምንቱ አንድ ትልቅ የብረት መስኮትና የላሜራ በር በጭነት መኪና አስጭኖ መጣ። መስታወቶቹን በሁለት የጥጥ ፍራሽ መካከል አስተኝቶ፣ እሱ ላያቸው ላይ ተቀምጦ፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ አንድም ሳይሰበርበት አደረሳቸው። ፊቱ በአቧራ ነጭ ሆኖ ከመኪናው ሲወርድ ጥርሱ ብቻ ነበር የሚታየው። የቤታችንን የሰሜን ግድግዳ፣ እኔ አራስ ሆኜ የምተኛበትን ክፍል ማለት ነው፣ ሰው ቆሞ በሚያልፍበት ልክ ከፍቶ መስኮቱን ገጠመው። ከአልጋዬ ላይ ሆኜ የሊማሊሞን ገደል፣ ከማዶ ያሉትን አምባዎች፣ ጭጋጉ ሲወጣና ሲወርድ አያለሁ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደባርቅ ውስጥ እንዲያ ያለ መስኮት ያለው ግለሰብ አልነበረም። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ጎራ እያለ ያያል፤ ቤታችንንም «የአስማረ መስታወት» ይሉት ጀመር።

እናቴ ልታርሰኝ ከዳባት መጣች። ቅቤዋንና የገንፎ እህሏን አስቀምጣ፣ ጋቢዋን ሳታወልቅ መስኮቱን ፊት ለፊት ቆማ አየችው። «ይሄ ምንድን ነው? አራስ ቤት ነው የሱቅ መደርደሪያ?» አለች። አስማረ ስቆ፣ «ብርሃን ነው እማማ። ልጅ በብርሃን ይደግ ብዬ ነው» አላት። «ብርሃኑስ ይሁን፤ እስቲ ብርዱን ደግሞ እናየዋለን» አለችው። ኅዳር ሲገባ ሴት ልጅ ወለድኩ። እናቴ እቅፍ አድርጋ እያየቻት፣ «ትሁነኝ» አለች፤ ስሟ እሱው ሆነ። ለሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን ነው። ለወንዱ አርባ መድረስ ያቃታት እናት ለሰማንያ ስትቆጥር ምን እንደሚሰማት የደረሰባት ታውቀዋለች። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ከጸሎት በፊት ቀኑን ነበር የምቆጥረው።

ብርዱን ያየነው ወዲያው ነው። ሲነጋ መስታወቱ ከውስጥ በኩል አልቦት ውኃው በብረቱ ላይ ተንቆርቁሮ ፍራሼ ሥር ይጠራቀማል። የልጅቷን መጠቅለያ እናቴ በቀን ሁለቴ ትቀይራለች። የጭቃው ግድግዳ እየደረቀ ከብረቱ ሸሸ፤ በመካከሉ ክር የሚያህል ክፍተት ወጣ። የላሜራውን በር ጠዋት በባዶ እጅ ሲነኩት መዳፍን ልጥፍ አድርጎ ይይዛል። እናቴ በርኖስ አምጥታ መስኮቱ ላይ ሰቀለች። አስማረ ሰው ሊያሳይ ሲመጣ ያወርደዋል፤ ሰውዬው ሲሄድ እናቴ መልሳ ትሰቅለዋለች። እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ የሰነበተው በርኖስ እኛን ከማሞቅ ይልቅ እነሱን ማጣላት ሥራው ሆነ።

በተለይ አቶ መልካሙ የሚባል ነጋዴ ነበር። ተራራውን ለማየት ለሚመጣው ቱሪስት ሆቴል ሊሠራ አስቦ፣ የሆቴሉን መስኮትና በር በሙሉ ለአስማረ ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል። ካኪ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይመጣል፤ እኔ አራሷ እዚያ ተኝቼ እያለሁ መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል። «ግሩም ነው አስማረ! እንግዳዬ አልጋው ላይ ሆኖ ሊማሊሞን ያያል በለኛ!» ይላል። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ በሆዴ እረግመዋለሁ። አስማረን ግን ከሱ አብልጬ እረግመው ነበር። ባሌ ልጁንና እኔን የሥራ ናሙና አድርጎ አስቀመጠን ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ምን ልበል? መስኮቱን አውጣው ስለው «ቆይ፣ ስቱኮውን ላድሰው» ይላል። ብርድ ገባ ስለው «ከየት? ብረት እኮ ነው!» ይላል። ብረት እኮ ነው የምትለዋን ቃል እንደ ጸሎት ይደጋግማት ነበር፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

በአርባ ሰባተኛው ቀን ትሁነኝ ማሳል ጀመረች። ሳሉ የሳል ድምፅ እንኳ የለውም፤ ሆዷ ብቻ ወደ ውስጥ ይገባል። ከጤና ጣቢያ ነርሷ ቤት ድረስ መጥታ ደረቷን አዳመጠችና መርፌ ወጋቻት፤ ሽሮፕም ሰጠችን። ስትወጣ ዞር ብላ መስኮቱን አየችና፣ «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ ይህች ልጅ ሙቀት ትፈልጋለች» አለች። አስማረ ይህን ሲሰማ ሮጦ ወጣ። አንድ ጥቅል ፌስታል፣ ማስቲሽና ሙሉ ማዳበሪያ ከሰል ይዞ ተመለሰ። የመስኮቱን ዙሪያ፣ የበሩን ሥር፣ ከጣራው ሥር ያለችውን የጭስ መውጫ ሳትቀር አንድም ሳያስተርፍ ደፈነ። ከሰሉን አቀጣጥሎ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጠና፣ «አሁን ይሞቃችኋል» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። እውነትም ሞቀን። ሙቀቱ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከአምባው ላይ እያለች እንቅልፍ መጣብኝ፤ ራሴን ትንሽ አመመኝ፤ ልጅቷም ዝም አለች፤ ተኛችልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ስትመለስ በሩ በፌስታሉ ተጣብቆ አልከፈት ሲላት በትከሻዋ ገፍታ ገባች። እኔ የማስታውሰው ውጭ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳስመልስ፣ እናቴም ልጅቷን ገልብጣ ጀርባዋን እየመታች «ትሁነኝ! ትሁነኝ!» ስትል ነው። ልጅቷ ብዙ ቆይታ፣ ለእኔ ዓመት የሆነ ያህል ቆይታ፣ አለቀሰች። ዛሬ ልጆች ቤታቸውን በስፖንጅም በሲሊኮንም ሲደፍኑ ሳይ፣ «ጥሩ ነው፣ ግን እሳት ያለበት ቤት መተንፈሻ ይኑረው» ማለቴን የማይሰለቸኝ ለዚህ ነው። «እማማ ደግሞ ጀመሩ» ይሉኛል። ይበሉኝ።

አስማረ ሮጦ ሲደርስ በዚያ ድካሜ ላይ ሆኜ በሆዴ ያከማቸሁትን ሁሉ ዘረገፍኩበት። «ልጅህን ነው የምትወደው መስኮትህን?» አልኩት። «አንዱን ቀብረህ እንባ እንኳ አላወጣህለትም፤ ይህችንም ለአቶ መልካሙ ማሳያ አድርገህ ልትቀብራት ነው!» ፊቱ አመድ ሆነ። ፌስታሉን ሁሉ ቦጫጭቆ አነሣና ወጣ። በማግስቱም ልጅቷ አልተሻላትም። እናቴ ቀስ ብላ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ልጄ፣ ቄሱን ልጥራ ይሆን? የሚያሰጋ ከሆነ ከሰማንያው ቀድመው ያጠምቋታል። እንደዚያኛው እንዳይሆንብን» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ሃይማኖቱም ይፈቅዳል። እኔ ግን ቄሱ ከገቡ ተስፋ ቆረጥኩ ማለት መሰለኝ። «አይሆንም! ልጄ የምትጠመቀው በእግሬ ቤተ ክርስቲያን ይዣት ሄጄ ነው» ብዬ ጮህኩባት። እናቴ አልተቆጣችም። ጋቢዋን አጣፍታ ወጣች፤ ቄሱን ጠርታ ትመጣለች ብዬ ስፈራ፣ ይዛ የመጣችው አያ ፈንታን ነበር።

አያ ፈንታ በላሜራው በር ሲገቡ እንደ ልማዳቸው በመዳፋቸው ሊነኩት እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡ። አስማረ ከጥግ ቆሞ ነበር። «እንደምን ዋላችሁ» አሉና ከኪሳቸው ጥቂት ባዘቶ አወጡ። ያችን የተነደፈች ጥጥ በሁለት ጣታቸው ይዘው መስኮቱን ዙሪያውን ቀስ ብለው ዞሩት። ጭቃውና ብረቱ የሚገናኙበት ጋ ስትደርስ ጥጧ ትንቀጠቀጣለች። «እዚህ ይገባል። እዚህም» ይላሉ። አስማረ፣ «እሱን እደፍነዋለሁ አያ ፈንታ» አላቸው። እሳቸውም፣ «ይደፈናል። በጭድ የተለወሰ ጭቃ በየዓመቱ ከመረግከው ይደፈናል» አሉና ጥጧን ወደ መስታወቱ መካከል ወሰዷት። እዚያ ምንም ክፍተት የለም። ጥጧ ግን ከመስታወቱ ጎን ወደ ታች፣ ወደ እኔ ፍራሽ አዘነበለች። «አየህ ልጄ? እዚህ ስንጥቅ የለም። ብርዱ ግን ከመስታወቱ ከራሱ ላይ እየወረደ ነው። ብረቱም እንዲሁ፤ የውጩን ብርድ ጠጥቶ ውስጥ ይተፋዋል። ይህን በምን ስቱኮ ትደፍነዋለህ?» አስማረ ከጥጧ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መስታወቱ ክፉ አይደለም። እኔም ዓይኔ ሲደክም ብርሃን ወድጃለሁ። ግን ፀሐይ ወደሚመታው ግድግዳ ውሰደው፣ አነስ አድርገው፣ ከውስጥ የእንጨት መዝጊያ ደርብለት። ቀን ፀሐዩን ያስገባልሃል፣ ሲመሽ መዝጊያውን ትዘጋለህ። በሊማሊሞ በኩል ያለውን ግን ዝጋው። እኔ ስድስት ክረምት ያደረቅሁት ጥድ አለኝ፤ መጥተህ ውሰድ።»

ኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገርና ልረፍ፤ እንዳሉት ሆነ። መስታወቱ ተቆርጦ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ጥግ ሄደ፤ ከላዩ የመዳፍ ያህል መተንፈሻ ተተወለት። የላሜራው በር ከውስጥ ጣውላ ለበሰ፤ ሥሩ ላይ ደፉን የሚጠርግ የበግ ለምድ ተመታለት። አስማረ ከዚያ ወዲህ በሠራው ቤት ሁሉ ሜትር ከማውጣቱ በፊት ባዘቶ ማውጣት ለመደ። «ነፋሳችሁ ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰው ይስቅበታል። እኔም እስከ ዛሬ መስከረም ሲጠባ ማጠፊያዎቹን ኑግ ዘይት እቀባለሁ፣ መዝጊያው አልገጥም ካለ አስልጋለሁ፣ የተቦጨቀውን ጭቃ አስመርጋለሁ፣ ለምዱ ከሳሳ አስቀይራለሁ። ጎረቤቶቼ ግድግዳውን በሙሉ መስታወት አድርገው ውስጡ ጃኬት ለብሰው ይቀመጣሉ። ቆንጆ ነው፤ እኔም ሳልፍ ቆሜ አየዋለሁ። ቁጭ በይ ሲሉኝ ግን ቸኩያለሁ እላለሁ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። አያ ፈንታ በሄዱ በማግስቱ የገበያ ዕለት ነበር። እናቴ ልጅቷን ይዛ ውስጠኛው ጓዳ ገባች። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። አስማረ ከውጭ በኩል ቆሞ መስኮቱን ይነቅል ጀመር። እህል የጫነውና በግ የሚነዳው አገር ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ እየቆመም ያያል። መስታወቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ ብረቱን ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ያን ጊዜ አቶ መልካሙ ደረሰ። «ምን እያደረግህ ነው? ተሰበረ እንዴ?» አለ። አስማረ መዶሻውን እንደያዘ፣ «አልተሰበረም። ቤቱን አቀዘቀዘው፤ ልጄ ታመመችብኝ» አለው። «እንግዲያ ለእኔስ?» «ለእርስዎም በሰሜን በኩል ካደረጉት ያው ነው። ከፈለጉ በፀሐይ በኩል፣ መዝጊያ ደርቤ እሠራልዎታለሁ።» አቶ መልካሙ ከሰዎቹ ፊት ትንሽ ሳቀ። «እንግዳዬ ገደሉን እንጂ ግድግዳ ሊያይ አይመጣም። ራስህ ልትኖርበት ያልቻልከውን ለእኔ ልትሸጥ ነበር?» ብሎ ኮቱን አስተካክሎ ሄደ። ሥራውን ጎንደር ላለ ሌላ ሰው እንደሰጠው በሳምንቱ ሰማን። እኔ ግን እዚያው ልቤ ተሰበረ። ያን ሁሉ ስረግመው ከርሜ ሰው ፊት ሲዋረድ ማየት አልቻልኩም። ተነሥቼ በግድግዳው ቀዳዳ ብቅ አልኩና፣ «አስማረ፣ ይብቃህ። መልሰህ ግጠመው፣ እኛ ዳባት እናቴ ጋ እንሄዳለን። እንጀራህን አትስበር» አልኩት።

በቀዳዳው ፊት ለፊት ቆመን ተያየን፤ እሱ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ። መዶሻውን መሬት ላይ ጣለው። «ለእንጀራዬ መሰለሽ?» አለኝ። «ልጁን የወሰደው በሽታ አይደለም። በሩ ነው። እኔ የሠራሁት በር።» ምን እንደሚል አልገባኝም። ቀጠለ። «ለሠርጋችን ልድረስ ብዬ እርጥብ ጣውላ ነው የመታሁት። አያ ፈንታ ይድረቅ ብለውኝ ነበር። በበጋው ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ጣት ያስገባል። ልጁ የሚተኛው ፊት ለፊቱ ነበር። በየቀኑ ነገ አድሰዋለሁ እያልኩ የሰው በር ልሠራ እወጣለሁ። ከሞተ በኋላ በሩን ፈልጬ አቃጠልኩት። ብረት አይደርቅም፣ ብረት አይሰነጠቅም ብዬ ነው ጎንደር የወረድኩት። ለዚህችኛዋ ስንጥቅ የሌለው ቤት ልሠራላት እንጂ ለሆቴል አልነበረም።»

 እስካሁን ለእናንተም ስለዚያ በር ያልነገርኳችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። «ስንጥቁን አውቀው ነበር» አልኩት። «አራስ ሆኜ ተኝቼ በዚያ ስንጥቅ መንገደኛ ሲያልፍ አያለሁ። ነፋሱ ልጁ ፊት ላይ ሲመጣም አውቃለሁ። ጨርቅ ልወትፍበት ሁለት ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ተመልሻለሁ።» «ታዲያ ለምን ተውሽው?» አለኝ፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም። «አራስ ጥየቃ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያየዋል። የአናጢ ሚስት የባሏን በር በጨርቅ ወተፈች እንዳይሉህ ብዬ።»

አስማረ የግድግዳውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ አቀረቀረ።  ከዚያ ጮክ ብሎ፣ ወንድ ልጅ በቀብር እንደሚያለቅሰው፣ አለቀሰ። የልጃችንን ስም ጠራው፤ በቤት ያወጣንለትን፣ ከሞተ ጀምሮ ሁለታችንም አንድ ቀን እንኳ ያልጠራነውን ስም። እኔም እጄን በቀዳዳው አውጥቼ ራሱን ያዝኩት። ፍትሐት ላልነበረው ልጅ፣ ሰው ላልደረሰለት ልቅሶ፣ መንገደኛው በጉን አቁሞ እያየን ተላቀስንለት። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከጓዳው የእናቴ ድምፅ መጣ።

«አስማረ!» አለች። «ልቅሶውን እኔም አብሬ አለቅሰዋለሁ። መጀመሪያ ግን ቀዳዳውን ዝጋ፤ ልጅቷ ይበርዳታል።»

አስማረ ፊቱን በኮቱ እጅጌ ጠርጎ ጭቃውን ለማቡካት ጎንበስ አለ። እኔም አራስነቴን ረስቼ ከውስጥ በኩል ጭድ አቀብለው ጀመር። ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ግድግዳው ተዘጋ።

በሰማንያኛው ቀን፣ የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ፣ ሳሉ የለቀቃትን ትሁነኝን ታቅፌ በእግሬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቄሱ ውኃ ውስጥ ነክረው ሲያወጧት የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ በሚያነሣ ድምፅ ጮኸች። ሴቶቹ «ውይ፣ በረዳት!» አሉ። አስማረ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ስሚው፣ ደረቷ ሙሉ ነው» አለኝ።